ቆጣሪ አንባቢዋ

ከቱሉ ዲምቱ አልፎ፣ አስፋልቱ በሚያልቅበት፣
ታክሲው ሰው አራግፎ ፊቱን በሚያዞርበት፣
ከብሎክ አርባ ሁለት ግድግዳ ተለጠፈ ፎቶዋ፤
ዝናብ ጠርዙን ልጦታል፣ ፍየል ነክሳዋለች በግራዋ።
«እልፍነሽ ዱጋሳ። የግል ዕጩ። ለወረዳ ምክር ቤት።»
ምልክቷ መሰላል።
(ጀሪካን ነበር የጠየቀችው፤ ዝርዝሩ ውስጥ የለም ተባለች፤
ከጃንጥላና ከመሰላል ምረጪ ሲሏት ሳቅ አለች፤
«መሰላሉን ስጡኝ፤ አራተኛ ፎቅ ውሃ በትከሻ ነው የሚወጣው።»)

እኛ ግን ከፎቶዋ በፊት ነው የምናውቃት፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በር ስታንኳኳ ሰምተናት።
የላስቲክ ቦት ጫማ፣ በአንገቷ የተንጠለጠለ ባትሪ፣
ጭቃውን በጣቷ ጠርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ የሰው ጥም መዝጋቢ፣ ቆጣሪ።
ውሻ ሁለቴ ነክሷታል፤ አንዴ የሻምበሉ፣ አንዴ የቄሱ፤
ጠባሳውን እያሳየች ትስቃለች፤ «የቄሱ ይብሳል ጥርሱ።»

እናቴ አትስቅም።
የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ፍልሰታ ሊገባ ሲል፣
የሦስት ወር ውዝፍ ነበረብን።
«ቁጥሩን ትንሽ ዝቅ አድርጊልኝ፤ ማን ሊያይሽ?» አለቻት።
እልፍነሽ እርሳሷን ከጆሮዋ ኋላ መልሳ፣
«እማማ፣ እኔ ያለውን ነው የማነበው» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ፤
በመፍቻ አዞረችው። ቧንቧው አንዴ አጉረመረመ፣ ዝም አለ።
እናቴ ከዚያ ወዲህ ስሟን አትጠራም።
«ያቺ» ናት።

ባለፈው እሑድ በዕድሩ ድንኳን፣ ብሎኬት ላይ ተቀምጠን፣
ባለ ከረባቱ ዕጩ ባቡር ሰጠን፣ ፏፏቴ ያለው አደባባይ ሰጠን፤
ጭብጨባው ሳያልቅ መኪናው ተነሳ፤ አቧራውን ትቶልን።
ከዚያ እሷ። ማይኩን በሁለት እጇ እንደ መፍቻ ጨብጣ፦

«ባቡር አላመጣም።
ውሃ የሚለቀቀው ማክሰኞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤
ይህን የሚያውቅ እንቅልፍ ያጣ ብቻ ነው።
ተራው በወረቀት ወጥቶ በየብሎኩ በር ይለጠፍ፤
ሲቀርም ያስቀረው ሰው ስሙ ከሥሩ ይጻፍ።

ይህ ድንኳን የቆመው አባቴ ምስር ይዘራበት በነበረው መሬት ነው።
መልሱልኝ አልልም፤ ምስር ፎቅ ላይ አይበቅልም።
ግን ከቦዩ ማዶ የቀሩት ጎረቤቶቹ፣
ዋናው ቱቦ በጓሯቸው እያለፈ፣
ዛሬም ከወንዝ ይቀዳሉ። ለእነሱ አንድ ቦኖ። አንድ።

የመጨረሻው ከበደኝ።
ባዶ ቱቦ ውስጥ ንፋስ ሲገባም ቆጣሪ ይዞራል።
አውቅ ነበር። መሥሪያ ቤቱም ያውቃል።
ያለውን አነብባለሁ ስላችሁ፣
ስንት ኪዩብ አየር ጽፌባችኋለሁ።
ብመረጥ፣ ለንፋስ የተከፈለው እንዲመለስ ነው የምጠይቀው፤
ባልመረጥም ደብተሮቼ ቤቴ አሉ፤ መጥቶ ይይ የሚፈልገው።»

ማንም አላጨበጨበም። አንድ ሽማግሌ ሳለ።
እናቴ በጣቶቿ ትቆጥር ነበር፦
«ግንቦት... ሰኔ... ሐምሌ...
በእነዚያ ወራት ውሃ መጥቶ ነበር እንዴ?»

ሰኔ መጣ። ሰልፉ በጃንጥላ ሥር ተጓተተ።
ሌሊቱን ውጤቱ በጣቢያው በር፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ተለጠፈ።
ከመስኮታችን አየኋት፤ ብቻዋን፣ በዚያው ቦት ጫማ፣
ባትሪዋን አብርታ በጨለማ፣
የዝናቡን ጠብታ በጣቷ ጠረገች፣ ጎንበስ አለች፣ አነበበች፤
ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ መለሰች።
ባለ ከረባቱ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ነበረው።

«ያቺ ስንት አገኘች?» አለች እናቴ ከአልጋዋ።
«ሁለት መቶ አሥራ ሰባት።»
ቀለም የነካውን ጣቷን በቀሚሷ ፈተገች፤ አልለቀቀም።
«አንዱ የኔ ነው» አለች። «እሱ እንኳ ንፋስ አይደለም።»

ማክሰኞ ሊነጋ ነበር።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው አጉረመረመ።
ባልዲውን ከሥሩ አድርገን ጠበቅን።